ያልተጻፉት ሦስት መስመሮች

ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ኬክ ቆርሰው፣ አበባ አስታቅፈው ሸኙኝ። ከሃያ ዓመት በላይ የሐኪሞችን ደብዳቤ ስጽፍላቸው ኖሬያለሁ። አለቃችን ባደረገችው አጭር ንግግር «ጥሩወርቅ አንድ መስመር እንኳ ዘልላ አታውቅም» አለች። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ግን ዘልዬ አውቃለሁ። እነሱ ጋ ከመቀጠሬ በፊት፣ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፈ፣ ሦስት መስመር። አሁን ቤት ስውል ጊዜ አለኝና ልጻፈው።

ታይፕ የተማርኩት አዲስ አበባ ነው። አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ታይፕ ክፍል ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። ከጽሕፈት መኪናዎቹ ጩኸት የተነሣ እየጮህን ነበር የምናወራው፤ ቤት ስንገባም መጮኹን መተው ያቅተን ነበር። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና አንድ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ምት አያልቅም። ግንዱን ትመቺያለሽ፣ ከዚያ እግሩን ወይም ክንፉን ትቀጥይለታለሽ። ስለዚህ ጣቴም ዓይኔም ከመጀመሪያው የለመዱት ፊደልን በቁርጥራጩ ማየት ነው። ይህ ለንደን ላይ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለንደን የገባሁት በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ምክንያቱን አላነሳውም፤ የብዙዎቻችን ምክንያት አንድ ዓይነት ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪወጣልኝ ቢሮ አጸዳሁ። ወረቀቴ ሲወጣልኝ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ አርችዌይ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ መኝታ ቤት ያለው ፍላት ሰጠኝ። ከጽዳቱ የተገላገልኩት የሥራ ማስታወቂያ አይቼ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ወዳለ አንድ ቤት አፕላይ ሳደርግ ነው። ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ ጠባብ ደረጃ ወጥተሽ የምትገቢበት ሁለት ክፍል ነበር። ለሆስፒታሎች፣ ለካውንስሎችና ለማኅበራት በየቋንቋው ወረቀት እያዘጋጀ የሚያትም ድርጅት ነው። ባለቤቱ ሚስተር አንድሪያስ የቆጵሮስ ሰው ነው።

«አማርኛ ትችያለሽ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

«ቤንጋሊስ?»

«አልችልም።»

«ግድ የለም። ማየት ትችያለሽ?»

በዚሁ ተቀጠርኩ። ተርጓሚዎቹ በእጃቸው ጽፈው ያመጡልናል፤ እኛ ፊደል በፊደል እያየን ኮምፒዩተር ላይ እንለቅመዋለን። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደ ሃያ በሚጠጉ ቋንቋዎች ጽፌያለሁ። ከሁለቱ በቀር ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ወይዘሮ ሃሊና ናቸው። የፖላንድ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከጦርነት ሸሽተው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ በማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተቀረጹ ፊደላት እየለቀሙ ሲደረድሩ የኖሩ። በእንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም አንድ ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው። ከሁላችን ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገቡና አልኮል በነካ ጥጥ የኪቦርዳቸውን ፊደላት አንድ በአንድ ይጠርጋሉ። አዲስ ቋንቋ ሲመጣ በትንሽ ደብተር ላይ የማያውቁትን ፊደል አጉልተው ይስሉታል፤ ለአንድ ፊደል አንድ ገጽ። የሰው ፎቶ የያዙ ይመስል እያገላበጡ ይመለከቱታል።

«አታንብቢ» ይሉኛል፤ «ማንበብ የምትችይው ስታውቂው ነው። ይህንን አታውቂውም። እዪው።»

ከልማዶቻቸው ሁሉ ያልተለወጠው ግን አንድ ነው። የተጻፈውን ከእጅ ጽሑፉ ጋር ሲያመሳክሩ ከታች ነው የሚጀምሩት። የእንጨት ማስመሪያቸውን ከመጨረሻው መስመር ሥር ያደርጋሉ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁሉም ሰው ከላይ ይጀምራል። ታች ሲደርስ ዓይኑ ደክሟል፣ ሆዱም ምሳውን አስቧል። ስለዚህ ብዙ ስሕተት የምታገኚው ታች ነው።»

አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ስለ ግል ነገር ያወራነው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ምሳችንን ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንበላለን። እሳቸው ባል አልነበራቸውም፤ እኔም እንደዚያው። የማወራው ሰው ባይኖረኝም አጠገቤ ዝም የሚል ሰው ነበረኝ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደያዘኝ ያወቅሁት ሲሄዱ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋረደውና ሥራ አቆሙ፤ ኬንቲሽ ታውን ካለችው ክፍላቸው መውጣትም እየተዉ ሄዱ። እኔ በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አያቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሚስተር አንድሪያስ ሌላ ሰው አልቀጠረም። ከፊት ክፍል እሱ ስልክ ያነሳል፣ ሁለት ወንዶች ከታች፣ ከጫማ ጠጋኙ ሥር ባለው ምድር ቤት ያትማሉ፣ እኔ ከኋላ ክፍል ብቻዬን እጽፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቃል የምታፈስ ሴት ነበርኩ፤ ማታ ባስ ውስጥ «ይቅርታ፣ ላሳልፍ» ስል ድምፄ ለራሴ እንግዳ ይሆንብኝ ነበር። የማን ኑዛዜ፣ የማን የክትባት ማስታወቂያ፣ የማን ሰርግ ጥሪ እንደጻፍኩ ሳላውቅ አርችዌይ እደርሳለሁ።

ሞንጎልኛ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይመጣል። የሚጻፈው በሩሲያ ፊደል ነው፤ ነገር ግን ሩሲያኛ የሌሉት ሁለት ፊደላት አሉት። አንዱ ወገቡ ላይ ሠረዝ የታሰረ ክብ ነው፤ ሌላው እግሩ ቀጥ ያለ ባላ ይመስላል። የእኛ ኮምፒዩተር አያውቃቸውም ነበር። ወይዘሮ ሃሊና ክቡን ባዶውን ያትሙና በማጉያ መነጽር እያዩ፣ በቀጭን ብዕር ሠረዙን አንድ በአንድ ይስሉበት ነበር። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ብዕሩን እኔ ወረስኩት።

ተርጓሚዋ ኦዩና የምትባል ሞንጎላዊት ተማሪ ነበረች። ከዕለታት አንድ ቀን በብዕር ስስል አየችኝና ሳቀች።

«ይኸ እኮ ኢንተርኔት ላይ አለ!» አለችኝ።

የድርጅቱ ስልክ ከኢንተርኔቱ ጋር እስኪገናኝ እየጮኸ ጠበቅን። አንድ ገጽ ተከፈተ። ከታች ኪቦርድ ተሥሏል፤ የሞንጎልኛው ፊደላት ሁሉ በየቁልፉ ላይ ተቀምጠዋል። በማውሱ ስትጫኚያቸው ከላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ይጻፋሉ። ሲያልቅ ኮፒ አድርገሽ ትወስጂዋለሽ። ሠረዝ የታጠቀው ክብም ባላውም እዚያ ነበሩ። ባላውን ተጫንኩት። ሣጥኑ ውስጥ ብቅ አለ። ደጋግሜ ተጫንኩት፤ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ብዕሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት አጫጭር ሥራዎች በዚያ ገጽ ሠራሁ፤ ሁለቱም ደኅና ነበሩ። ሦስተኛው የዶርጅ ወረቀት ነው።

ዶርጅ በሰርከስ ፈረስ ላይ ቆሞ የሚጋልብ ሰው ነበር። ሰርከሱ ለንደን ላይ ሲያሳይ ወድቆ ቅልጥሙ ተሰበረ። ጓደኞቹ ውላቸው ስለሆነ ወደሚቀጥለው አገር ሄዱ፤ እሱ እግሩ በጀሶ ታስሮ ቀረ። ሆስፒታሉ በሚያስወጣው ቀን፣ ቤት ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት በቋንቋው እንድናዘጋጅ አዘዘን። ኦዩና ጽፋ ሰጠችኝና በዚያው ለትምህርቷ ጉዳይ ከለንደን ወጣች።

ቀኑ የእኛ ገና ነበር። ፈቃድ አልጠየቅሁም፤ ቤት ብውልም የማሳልፈው ከማን ጋር ነው? ከጠዋት ጀምሬ ፊደል እጫን ነበር። የኦዩና የእጅ ጽሑፍ በግራዬ፣ ኪቦርዱ ከስክሪኑ ታች። ጽሑፉ ሲረዝም ሣጥኑ ወደ ላይ ሸሸና ከዓይኔ ወጣ። እኔ የማየው የምጫነውን እንጂ የሚጻፈውን አልነበረም። ያ ሣጥን ደግሞ ልክ አለው፤ ከተወሰነ ፊደል በላይ አይቀበልም። ሲሞላ አይጮህም፣ ምልክት አያሳይም። የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ፊደል ሳልዘል ተጫንኳቸው። አንዱም አልተጻፈም።

ኮፒ አድርጌ፣ ገጹን አሳምሬ አተምኩት። ወረቀቱን ለሆስፒታሉ የሚያደርሰው ሞተረኛ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሚስተር አንድሪያስ በየደቂቃው ብቅ ይላል። ከላይ ጀምሬ አመሳከርኩ። በተለይ ሁለቱን ፊደላት እያየሁ ረካሁ። ገጹ ሁለት ሦስተኛ ላይ ስደርስ «ጥሩ፣ በቃ» አለኝ ሚስተር አንድሪያስ። እኔም በቃ አልኩ። ማንም እጄን አልያዘኝም፤ አሥር ደቂቃ ብጠይቅ ይሰጠኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ኦዩና ደረጃውን እየሮጠች ወጣች፤ ለንደን ስትመለስ ሆስፒታሉ ለዶርጅ እንድታስተረጉም ጠርቷት ኖሯል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ለእሱ የተሰጠውን ወረቀት ኪቦርዴ ላይ አስቀመጠችው።

«የታችኛው የት ሄደ?»

«የቱ የታችኛው?»

«ሦስት መስመር ነበረ። ጣትህ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ በማንኛውም ሰዓት ወዲያው ተመለስ፣ የቀጠሮህን ቀን አትጠብቅ የሚል። የታለ?»

ወረቀቱን አየሁት። የመጨረሻው መስመር መጨረሻ ላይ ነጥብ አልነበረም። የትኛውም ቋንቋ ቢሆን ነጥብ እንደሚያስፈልገው ለማየት ሞንጎልኛ ማወቅ አያሻም።

ጀሶው ውስጥ የዶርጅ እግር አብጦ ነበር። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን ያረፈበት ሆስቴል ጠባቂ በሩን አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ከፍቶ ገባና አምቡላንስ ጠራ። እግሩ አልተቆረጠም። ነገር ግን ቁርጭምጭሚቱ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ መነሣት እምቢ አለ። ፈረስ ላይ መቆም ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ይቸግረዋል አሉ። ሆስፒታሉ ደግሞ በፋይሉ ላይ «የተሰጠውን መመሪያ ስላልተከተለ» ብሎ ጽፏል። የቪዛው ጊዜ እያለቀ ነበር፤ ለቀሪው ሕክምና እንዲቆይ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጠይቅም ያ ቃል መንገድ ላይ ቆመበት።

ኦዩና ስትሄድ የእጅ ጽሑፏን ካለቀላቸው ሥራዎች ማስቀመጫ ውስጥ አወጣሁት። ሦስቱ መስመሮች በሰማያዊ ቀለም ተጽፈው እዚያው ነበሩ። ለሚስተር አንድሪያስ አሳየሁት። 

«እነዚህን ወረቀቶች ከሦስት ወር በኋላ እንጥላቸዋለን» አለኝ። «ዛሬ ብንጥለው የሰውየው እግር ይድናል? አይድንም። ይህ ከወጣ ግን ሆስፒታሉ ይተወናል። ከዚህ ቤት የሚበላው አራት ሰው ነው፤ አንዷ አንቺ ነሽ።»

ክፉ ሰው አልነበረም።  ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

በቀጥታ ኬንቲሽ ታውን ሄድኩ። ወይዘሮ ሃሊና መስኮት ዳር ተቀምጠው ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ስለማያይ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዙረው ሰሙኝ።

«ከታች ጀመርሽ?» አሉኝ።

«አልጀመርኩም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸው ጭናቸው ላይ የሌለ ማስመሪያ የሚያስተካክል ይመስል ተንቀሳቀሰ።

«ወረቀቱ የት ነው ያለው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ይዘሽው መጣሽ? እኔ ሆስፒታል ነኝ?»

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። ሆስፒታሉ ቅሬታ የሚቀበልበት ቢሮ ሄጄ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የተቀበለችኝ ሴት መጀመሪያ ቅሬታ ልታቀርብ የመጣች ዘመድ መስዬያት ነበር። «በማን ላይ ነው ቅሬታሽ?» ስትለኝ «በራሴ ላይ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። ከዚያ ያልኩትን ሁሉ ጻፈች፤ ወረቀቶቹንም ኮፒ አድርጋ መለሰችልኝ።

ዶርጅ ገና ዋርድ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ኦዩና ልታስተረጉምልኝ መጣች። ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ፀሐይ የጠገበ ሰው ነው። አልጋው አጭር ሆኖበታል። እኔ ማን እንደሆንኩ ኦዩና ስትነግረው አየኝና መልሶ ጣሪያውን አየ።  ሲናገር ቀስ እያለ ነበር፤ ኦዩና በየመሃሉ እያቆመች ተረጎመችልኝ።

«እግሬ ሲቀዘቅዝ ተሰምቶኛል። ምናልባት በዚህ አገር ሕክምናው እንደዚህ ይሆናል አልኩ። የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እግርህን ከፍ አድርግ ይላል፣ አድርጌያለሁ። ውኃ አታስነካው ይላል፣ አላስነካሁም። ስለ ብርድ አንድም ነገር አይልም። ስለዚህ ቻልኩት።»

የተዘጋጀሁበትን ይቅርታ ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ግን እጁን አነሣና ኦዩናን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ያልተጻፈው ስንት መስመር ነው? ይላል።»

«ሦስት።»

«አንብቢልኝ አለኝ» አለች ኦዩና፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

የእጅ ጽሑፏን ተቀብላኝ ሦስቱን መስመሮች በቋንቋቸው አነበበችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ሞንጎልኛ በድምፅ ስሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ስጽፈው ኖሬ ድምፅ እንዳለው አስቤ አላውቅም ነበር። ሲያልቅ ዓይኑን ሳይገልጥ ወደ ግድግዳው ዞረ። ወጣን። ኮሪደሩ ላይ ኦዩና አለቀሰች፤ እኔ ባሱ እስኪመጣ ድረስ ቻልኩ።

ፋይሉ ተስተካከለ። ያ ዐረፍተ ነገር ተሠርዞ የሆነው ነገር ተጻፈ፤ የድጋፍ ደብዳቤውም ወጣለት። እስከ ፈረንጆቹ በጋ ድረስ ቆይቶ ሌላ ኦፕሬሽን ተደረገለት፤ ቁርጭምጭሚቱን የሚይዝ ብረትም ተሠራለት። ሆስፒታሉ ከእኛ ጋር መሥራት አቆመ። ሚስተር አንድሪያስ አላባረረኝም፤ ግን ሰላም ማለት ተወ። ከታች ካሉት ወንዶች አንደኛው ከሥራ ሲቀነስ እኔ ለቀቅኩ፤ የቀረውን ጓደኛውን ፊት እያየሁ ደረጃ መውጣት አልቻልኩም። ለወራት ጆብ ሴንተር እየሄድኩ ለሥራ አጥነት ድጎማ ሳይን አደረግኩ። በእነዚያ ወራት የሆነ ሰው ቢደውል ብዬ ስልኩን አልጋዬ አጠገብ አኖረው ነበር። አልፎ አልፎ ኦዩና ብቻ ትደውላለች።

ሰኔ ላይ ደወለች። ዶርጅ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው፤ ከአንቺ አንድ ነገር ይፈልጋል አለችኝ።

የፈለገው ሦስቱን መስመሮች ነው። በሥርዓት ተጽፈው፣ በወረቀት ላይ። ምን ሊያደርግባቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። «እናቱ በሕይወት አሉ» አለችኝ። «ሕመሙን እያወቀ ለምን ዝም እንዳለ ይጠይቁታል። ቃሉ ተጽፎ እንደነበርና እሱ ጋ እንዳልደረሰ ሊያሳያቸው ነው።»

አርችዌይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ኮምፒዩተር ነበረ። ያንኑ ገጽ ከፈትኩ። ያንኑ ኪቦርድ። ይህን ጊዜ አንድ ፊደል ስጫን ዓይኔን ወደ ሣጥኑ እወስዳለሁ፤ መግባቱን ሳላይ ወደሚቀጥለው አልሄድም። ሦስት መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀብኝ። አተምኩት፤ ማስመሪያ ተውሼ ከመጨረሻው መስመር ሥር አደረግኩ፣ ወደ ላይም አመሳከርኩ። በማግስቱ ካሌዶኒያን ሮድ ሆስቴሉ ድረስ ወሰድኩለት። ሻንጣው ተዘግቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ኦዩናም ነበረች።

ወረቀቱን ተቀብሎ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሲጨርስ ጀርባውን ገልብጦ አየ፤ ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ከዚያ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ዘረጋልኝ።

«ስምሽን ጻፊበት ይላል» አለች ኦዩና። «ማን እንደጻፈው እናቱ እንዲያውቁ።»

በዚያ ሁሉ ዓመት የስንት አገር ሰው ወረቀት ስጽፍ፣ ከሥሩ ስምሽን አኑሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። በእንግሊዝኛ ልጽፍ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩና ተውኩት። በእኛው ፊደል፣ በእጄ፣ ቀስ ብዬ «ጥሩወርቅ» ብዬ ጻፍኩ።

ዶርጅ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበና ስሜን ፊደል በፊደል ተመለከተው። የመጀመሪያውን ፊደል በጣቱ ተከተለው፤ ከላይ ወደ ታች፣ እስከ እግሩ ድረስ። ከዚያ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፎ ፓስፖርቱ ውስጥ አስገባው፣ ሻንጣውንም አነሣ። ልይዝለት እጄን ስዘረጋ ራሱን ነቀነቀ። ደረጃውን አንድ እግር እያስቀደመ፣ አንዱን እየጎተተ ወረደ። እኔና ኦዩና ታች እስኪደርስ ከላይ ቆመን ጠበቅነው።